በዕፅዋት ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶች

በዕፅዋት ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶች ወይም ኢንዶፋይቶች የሚባሉት ዕድሜያቸውን በሙሉ ወይም በከፊል በሕያው ተክል ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል ወይም ዘር ውስጥ የሚያሳልፉና ቢያንስ ለተወሰነ ጊዜ በተክሉ ላይ ምንም የበሽታ ምልክት የማያሳዩ ፈንገሶች ናቸው። ከውጭ ሲታይ ጤነኛ የሆነ የሣር ቅጠል ወይም የጥድ ሥር በማይክሮስኮፕ ሲመረመር በሕዋሳቱ መካከል የሚሄዱ ቀጫጭን የፈንገስ ክሮች ሊታዩበት ይችላሉ። በተፈጥሮ ከሚበቅሉ ዕፅዋት መካከል ከእነዚህ እንግዶች ፈጽሞ ነጻ የሆነ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ፈንገሱ የሚኖርበት ተክል አስተናጋጅ ይባላል። የእንግዳውና የአስተናጋጁ ግንኙነት አንድ ወጥ አይደለም። አንዱ ፈንገስ ተክሉን ከተባይ ይጠብቃል፤ ሌላው ከአፈር ማዕድን ያመጣለታል፤ ሌላው ሳይጠቅምም ሳይጎዳም ይኖራል፤ ሌላው ደግሞ ጊዜውን ጠብቆ ምርቱን ያጠፋል። ለተክሉ ወዳጅ የሆነው ፈንገስ ተክሉን ለሚበላ ሰው ወይም ከብት መርዝ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች በአብዛኛው በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና (እነማይ) እና በሞጣ (ሁለት እጁ እነሴ) ዙሪያ ከሚዘሩት ሰብሎችና አብረዋቸው ከሚበቅሉት አረሞች የተወሰዱ ናቸው። በዚህ አካባቢ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎና ባቄላ ይበቅላሉ። ወደ ጮቄ ተራራ ከፍ ሲባል ደግሞ ገብስ፣ ድንችና እንግዶ የሚባለው የአጃ ዓይነት ይበዛሉ።

የቃሉ አመጣጥ

"ኢንዶፋይት" የሚለው ቃል "ውስጥ" እና "ተክል" የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክኛ ቃላት የተገኘ ነው። ቃሉን በ1866 እ.ኤ.አ. ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋትና የፈንገስ ተመራማሪ አንቶን ደ ባሪ ነው። ደ ባሪ በ1878 እ.ኤ.አ. ባደረገው ንግግር ደግሞ "ሲምባዮሲስ" የሚለውን ቃል የማይመሳሰሉ ፍጥረታት አብሮ መኖር ብሎ ተረጎመው። ዛሬ ብዙ ሰው ሲምባዮሲስን መጠቃቀም ብቻ አድርጎ ይረዳዋል፤ ደ ባሪ ግን መጠቃቀምንም መጎዳዳትንም በአንድ ቃል ውስጥ አስገብቶ ነበር። በዕፅዋት ውስጥ ላሉ ፈንገሶች ይህ የቀድሞው ትርጉም የተሻለ ይስማማል።

እንክርዳድ እና በውስጡ ያለው ፈንገስ

እንክርዳድ (ሎሊየም ቴሙሌንተም) ከስንዴና ከገብስ ጋር የሚበቅል የሣር ወገን አረም ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ባለው ምሳሌ ጠላት በስንዴ መካከል ዘራው የተባለው ይኸው ነው። ዛላ እስኪያወጣ ድረስ ከስንዴ ቡቃያ ለይቶ መንቀል ለሠለጠነ ዓይን እንኳ ያስቸግራል። ዛላው ከወጣ በኋላ ግን ልዩነቱ ይታያል፤ በስንዴ ዛላ ላይ ፍሬ የያዙት ትንንሽ ክፍሎች ሰፊ ጎናቸውን ወደ ዘንጉ ሲያዞሩ የእንክርዳድ ግን በጠባብ ጠርዛቸው ነው ዘንጉ ላይ የሚቀመጡት።

ችግሩ በዚያን ጊዜ አረሙን መንቀል ስንዴውን መርገጥ መሆኑ ነው። እንክርዳዱ አብሮ ይታጨዳል፣ አብሮ ይወቃል። የፍሬው መጠን ከስንዴ ፍሬ ጋር ስለሚቀራረብ በመንሽና በሰፌድ ሙሉ በሙሉ አይለይም፤ የቀረው በእጅ ይለቀማል። ጤፍ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ እንክርዳዱ ወንፊት ላይ ይቀራል።

በደንብ ያልተለቀመ እህል ተፈጭቶ ሲበላ ወይም ተጠምቆ ሲጠጣ ራስ ያዞራል፣ ዓይን ያጭበረብራል፣ ያንገዳግዳል፣ ያስመልሳል፤ መጠኑ ከበዛም ለሕይወት ያሰጋል። እንክርዳድ ያሰክራል የሚባለው ለዚህ ነው። ሌሎች ሕዝቦችም ይህን ያውቁ ነበር፤ ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ለአረሙ የሰጠው "ቴሙሌንተም" የሚለው የላቲን ስም "ሰካራም" ማለት ነው፤ ፈረንሳዮችም በቋንቋቸው ከስካር ጋር የተያያዘ ስም አላቸው።

አረሙ ለምን ያሰክራል የሚለው ጥያቄ መልስ ፍለጋ የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ተመራማሪዎች የእንክርዳድን ዘር በቀጭኑ ቆርጠው ሲመለከቱ ከዘሩ ቆዳ በታች የፈንገስ ክሮች ንብርብር አገኙ። ጉስታፍ ሊንዳው የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ በ1904 እ.ኤ.አ. ከጥንታዊ ግብፅ መቃብር በተገኘ የእንክርዳድ ዘር ውስጥ ተመሳሳዩን ፈንገስ ማየቱን ጻፈ። እንግዳው ከአስተናጋጁ ጋር የቆየው ለሺዎች ዓመታት ነው ማለት ነው።

ይህ ፈንገስ ኤፒክሎይ ከሚባለው ወገን ነው። አኗኗሩ ከተለመደው የሻጋታ ጠባይ ይለያል። ከተክሉ ወደ ውጭ አይወጣም፤ በነፋስ የሚበተን ስፖርም አያወጣም። ዘሩ ሲበቅል ከቡቃያው ጋር ያድጋል፣ በቅጠሉና በግንዱ ሕዋሳት መካከል ይዘረጋል፣ ዛላው ሲወጣ ወደ አዲሱ ዘር ይገባል። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የሚተላለፈው ከእናት ወደ ልጅ በዘር በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ተክሉ ዘር ሳያፈራ ቢሞት ፈንገሱም አብሮ ያልቃል። እንዲህ ያለ እንግዳ የቤቱን ባለቤት መጉዳት አያዋጣውም፤ ይልቁንም ሎሊን የሚባሉ አልካሎይዶችን እየሠራ ተክሉን ከሚበሉት ነፍሳት ይከላከላል። ተክሉም በብርሃን አስተፃምሮ ከሠራው ስኳር ያካፍለዋል።

ሰውን የሚያሰክረው ንጥረ ነገር የትኛው ነው የሚለው ግን በሳይንቲስቶች መካከል ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የቆየ ነው። ሎሊኖች ነፍሳትን እንጂ አጥቢ እንስሳትን ብዙም ስለማይመርዙ ጥፋቱ በእነሱ ብቻ የሚላከክ አይደለም። በተጨማሪም ሁሉም የእንክርዳድ ዘር ፈንገሱ የለበትም። ምናልባት አንዱ ቤተሰብ እንክርዳድ ያለበት እንጀራ በልቶ ምንም ሳይሆን ሌላው የሚታመምበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከብትን የመረዘ ሣር

በሣርና በኤፒክሎይ መካከል ያለው ስምምነት ለሣሩ እንጂ ለግጦሽ ከብት እንዳልሆነ በግልጽ የታየው በአሜሪካና በኒው ዚላንድ ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. በኬንታኪ ግዛት በአንድ እርሻ ላይ ድርቅና ብርድ የሚችል የፌስኪው ሣር ተገኘና "ኬንታኪ 31" ተብሎ በ1943 እ.ኤ.አ. ለገበሬዎች ተሰራጨ። ሣሩ በሚሊዮኖች በሚቆጠር ሄክታር ላይ ተዘራ። ከብቶቹ ግን ከሱ፤ በሙቀት ጊዜ ያለከልካሉ፤ የአንዳንዶቹ ሰኮናና የጅራት ጫፍ ደርቆ ወደቀ። በ1977 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ቤከንና ባልደረቦቹ ምክንያቱ በሣሩ ውስጥ የሚኖረው ፈንገስ መሆኑን አመለከቱ። ገበሬዎቹ የወደዱት የሣሩ ጥንካሬ ራሱ በከፊል የመጣው ከዚሁ ፈንገስ ነበር።

በኒው ዚላንድ በጎች የሚንቀጠቀጡበትና ሲሮጡ የሚወድቁበት በሽታ በራይግራስ ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ፈንገስ እንደሚመጣ በ1981 እ.ኤ.አ. ተገለጸ። ራይግራስ የእንክርዳድ የቅርብ ዘመድ ነው። ፈንገሱን ከሣሩ አጥፍቶ መዝራት ተሞከረ፤ ነገር ግን ሣሩ በነፍሳት ተበላ። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ ፈንገሱን ማስወገድ ሳይሆን መምረጥ ሆነ። ነፍሳትን የሚከላከሉ ግን በጎችን ያን ያህል የማይጎዱ የፈንገስ ዓይነቶች ከተፈጥሮ ተፈልገው ተገኙና በዘሩ ውስጥ እንዲገቡ ተደረገ። ኤአር1 እና ኤአር37 በሚል ስም የሚሸጡት የእነዚህ ዓይነቶች ናቸው።

ኤርጎት፦ የወሎና የአርሲ መመረዝ

የኤፒክሎይ የቅርብ ዘመድ የሆነው ክላቪሴፕስ ፑርፑሪያ የተለየ መንገድ መርጧል። መላውን ተክል ሳይሆን አበባውን ብቻ ያጠቃል። በአበባው ጊዜ ስፖሩ እንቁላል እጢው ላይ ሲያርፍ ገብቶ ያድጋል፤ መጀመሪያ ነፍሳትን የሚስብ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ በኋላም በፍሬው ቦታ ጥቁር ወይም ጥቁር ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ከፍሬው የሚረዝም ጠንካራ ቀንድ መሰል አካል ይተካል። ይህ አካል ኤርጎት ይባላል። እርጥበት የበዛበትና ቀዝቃዛ የአበባ ወቅት ይስማማዋል፤ አበባው ክፍት ሆኖ ሲቆይ ስፖሩ የሚገባበት ጊዜ ይረዝማል።

በኤርጎት ውስጥ ያሉት አልካሎይዶች የደም ሥሮችን ያጠባሉ። ብዙ ሲበላ ደም ወደ እግርና ወደ እጅ ጣቶች መድረስ ያቅተዋል፤ መጀመሪያ ማቃጠልና መደንዘዝ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሥጋው ጠቁሮ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ያለ ደም ይወድቃል። ሐኪሞች ደረቅ ጋንግሪን ይሉታል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በሽታው በቅዱስ እንጦንስ ስም "የእንጦንስ እሳት" ተብሎ ይጠራ ነበር፤ ሕሙማንን ለመንከባከብ በስሙ የተቋቋመ የመነኮሳት ማኅበርም ነበር።

በሽታው በአውሮፓ ከጠፋ ከብዙ ዘመን በኋላ በኢትዮጵያ ታይቷል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከምሥራቅ ጎጃም በአባይ ማዶ ባለው በወሎ ክፍለ ሀገር የጋንግሪን ወረርሽኝ ተነሣ። ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት ዝናቡ ከመጠን በላይ ነበር፤ በገብስ ማሳዎች ውስጥም ሲናር እየበዛ ሄዶ በአንዳንድ ቦታ ከገብሱ በልጦ ነበር። ሲናሩ ኤርጎት ይዞ ነበር። የታመሙት ተመዝግበው ሲቆጠሩ ከመቶ በላይ ሆኑ፤ ከእነሱም ሲሶ ያህሉ ሞቱ። ከተመረመሩት ሕሙማን አብዛኞቹ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ፤ ከሴቶች ይልቅም ወንዶቹ ይበዙ ነበር። ጉዳዩ በ1979 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል።

በ1993 ዓ.ም. በአርሲ በተበከለ ገብስ ምክንያት ተመሳሳይ መመረዝ ደረሰ፤ በቁጥር ከወሎው ያነሰ ቢሆንም የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ከአካባቢው የተወሰደው እህል በላቦራቶሪ ሲመረመር የኤርጎት አልካሎይዶች ተገኝተውበታል።

ከሁለቱ አጋጣሚዎች የሚታየው ነገር አረምና ፈንገስ በአንድ ላይ ሲመጡ የሚፈጠረው አደጋ ነው። በደህናው ዘመን ሲናርን ከገብስ ጋር አብሮ መብላት የተለመደና ጉዳት የሌለው ነገር ነው። ስለዚህ አረሙ ሲበዛ ማንም አልደነገጠም። እንደ ጮቄ ባሉ ብርዳማና ዝናባማ ከፍታዎች፣ ገብስና አጃ በሚዘራበት ሁሉ፣ ጥቁሩን ቀንድ አይቶ መለየት ጠቃሚ ነው። ኤርጎት ከእንክርዳድ የሚሻልበት አንድ ነገር ቢኖር በዓይን መታየቱ ነው። ማብሰልና መጋገር አልካሎይዶቹን በከፊል ብቻ ስለሚቀንሳቸው መተማመኛ አይሆንም። በጨው ውኃ ውስጥ መንከር ግን ይረዳል፤ ኤርጎቱ ከእህሉ ስለሚቀል ወደ ላይ ይንሳፈፋል።

ይኸው መርዝ በልክ ሲሆን መድኃኒት ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ከኤርጎት ተለይቶ የወጣው ኤርጎሜትሪን ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደምን ለማቆም እስከ ዛሬ ያገለግላል። በወሎው እህል ውስጥ ከተገኙት አልካሎይዶች አንዱም እሱ ነበር።

ጊዜ የሚጠብቁ፦ አረማሞና ዋግ

አረማሞ የሚባለው በሽታ ኢንዶፋይት የትኛው ነው፣ በሽታ አምጪ የትኛው ነው የሚለውን ድንበር ያደበዝዛል። የገብስና የስንዴ ልቅ አረማሞን የሚያመጣው ፈንገስ በዘሩ ፅንስ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። ዘሩ ሙሉና ያማረ ይመስላል፤ ገበሬው ለዘር ብሎ መርጦ ያስቀመጠው ሊሆን ይችላል። ሲዘራም ቡቃያው ያለ ችግር ያድጋል፣ ፈንገሱም ከማደጊያው ጫፍ ጋር እኩል ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ከእንክርዳዱ እንግዳ በምንም አይለይም። ዛላው ሲወጣ ግን በፍሬ ፈንታ ጥቁር ዱቄት ብቻ ይገኛል። ነፋስ ዱቄቱን ወደ ጎረቤት አበቦች ይወስደዋል፣ ከዚያ በሚፈጠረው ዘር ውስጥ ይገባል፣ ዛላውም ባዶ ዘንጉን ይዞ ይቀራል። ፈንገሱ በዘሩ ውስጥ ስለሆነ ላዩን ማጠብ አይጠቅምም። ዴንማርካዊው የንስ ሉድቪግ የንሰን በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ዘሩን በተለካ ሙቅ ውኃ በመንከር ፈንገሱን ገድሎ ፅንሱን ማዳን እንደሚቻል አሳየ፤ ውኃው ትንሽ ከጋለ ዘሩ ይሞታል፣ ትንሽ ከቀዘቀዘ ፈንገሱ ይተርፋል።

ዋግ ደግሞ የሚኖረው በሕያው ተክል ውስጥ ብቻ ነው። ክሩ የሕዋሱን ግድግዳ ቀድዶ ሽፋኑን ሳይበጥስ ወደ ውስጥ የሚገፋ መምጠጫ አለው። ሕዋሱ ቢሞት ዋጉም ምግብ ያጣል፤ ስለዚህ ሳይገድል ይመጠምጣል። በ2003 ዓ.ም. ምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ የስንዴ አምራች አካባቢዎች በስፋት ተዛምቶ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ በብዛት የተዘራው ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በባሌ በግንድ ዋግ ተመታ። አንዱን ዋግ የቻለ ዝርያ ሌላውን ላይችል እንደሚችል ገበሬው በአንድ ክረምት አየው።

በቆሎና ባቄላ

በበቆሎ ውስጥ የሚኖረው ፉዛሪየም ቨርቲሲሊዮይደስ ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። ተክሉ በድርቅ ሲጨነቅ ወይም ግንድ ቦርቧሪ ሲቀድደው ግን ግንድና ፍሬ ወደማበስበስ ይዞራል። ፉሞኒሲን የሚባለውን መርዝ ይሠራል፤ መርዙ ተለይቶ የታወቀው በ1988 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ነው። ጤነኛ የሚመስል ፍሬም መርዙን ሊይዝ ይችላል።

በባቄላ ላይ የታየው ታሪክ የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በኢትዮጵያ ደጋዎች የባቄላ ቅጠል ላይ እብጠት የሚያወጣ አዲስ በሽታ ተስፋፋ። ብዙ ማሳ ጠፋ፤ አንዳንድ ገበሬም ባቄላ መዝራት ተወ። በሽታ አምጪው ቀድሞ በጃፓን ከተገለጸው ኦልፒዲየም ቪሲየ ከተባለ ፈንገስ ጋር አንድ ነው ተብሎ ለዓመታት ተጻፈ። በ2021 እ.ኤ.አ. በዘረ መል ምርመራ ሲታይ ግን ፊሶደርማ ከሚባለው ወገን ሆኖ ተገኘ። በሕዋስ ውስጥ ተደብቆ የሚኖርን ነገር በመልኩ ብቻ መለየት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

በሥር ውስጥ፦ ማይኮራይዛ

እስካሁን የተጠቀሱት አብዛኞቹ ከጉዳት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ከአፈር በታች ያለው ሥዕል ግን ሌላ ነው። ከምድር ዕፅዋት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሥራቸው ውስጥ አርበስኩላር ማይኮራይዛ የሚባሉ ፈንገሶችን ያስተናግዳሉ። "ማይኮራይዛ" ማለት "የፈንገስ ሥር" ማለት ሲሆን ቃሉን በ1885 እ.ኤ.አ. የፈጠረው አልበርት ፍራንክ ነው። ፈንገሱ በሥሩ ሕዋሳት ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይከፋፈላል፤ በሌላ በኩል ክሮቹን የሥር ፀጉር ከማይደርስበት ርቀት ወደ አፈሩ ይሰድዳል። ፎስፈረስና ሌሎች ማዕድናት ያመጣል፣ በምላሹ ስኳርና ቅባት ይቀበላል። በስኮትላንድ ራይኒ በተባለ ቦታ በተገኘ ቅሪተ አካል 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ ተክሎች ውስጥ ይኸው ፈንገስ ታይቷል፤ ያ ዘመን ዕፅዋት እውነተኛ ሥር ገና በቅጡ ያላወጡበት ነው።

ይህ ለጎጃም ገበሬ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በአሲዳማው ቀይ አፈር ውስጥ ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር፣ አፈሩ ውስጥ እያለ ተክሉ አያገኘውም። ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ባቄላ በዚህ ጊዜ ከማይኮራይዛ ይጠቀማሉ። ሆኖም ፈንገሱን የሚያዳክሙ ነገሮችም አሉ። የጤፍ ማሳ እስኪለሰልስ ደጋግሞ ሲታረስ የክሮቹ መረብ ይበጣጠሳል። ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ በብዛት ሲጨመር ደግሞ ተክሉ ራሱ እንግዳውን ይቀንሳል፤ የሚፈልገውን በነጻ ካገኘ ስኳሩን ለምን ይከፍላል?

ሁሉም ሰብል እንግዳ አይቀበልም። ጎመንዘርና ዘመዶቹ ማይኮራይዛ አይፈጥሩም። በጎጃም በስፋት የሚዘራው ግብጦም ከዚሁ ወገን ነው፤ ይህ ከሌሎቹ የጥራጥሬ ሰብሎች ይለየዋል። ግብጦ በፈንገስ ፈንታ ጠርሙስ ብሩሽ የመሰሉ ጥቅጥቅ ያሉ ሥሮች ያወጣና ሲትሪክ አሲድ እየለቀቀ የተጣበቀውን ፎስፈረስ ራሱ ያስለቅቃል። ደካማ መሬት ላይ መብቀሉ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ናይትሮጅን የሚሰጡት የሥሩ እብጠቶች ግን የባክቴሪያ እንጂ የፈንገስ ሥራ አይደሉም፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የቀሩት ጥድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨትና ኮሶም በሥራቸው ፈንገስ ያስተናግዳሉ። ታደሰ ውበትና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች የሚበቅሉ ሀገር በቀል ዛፎችን ሥር መርምረው አርበስኩላር ማይኮራይዛ እንዳላቸው አሳይተዋል። ደን በተመነጠረበት ባዶ መሬት ላይ የእነዚህን ዛፎች ችግኝ ለሚተክል ሰው ይህ ትርጉም አለው፤ ችግኙ ቢተከልም ተባባሪው ፈንገስ በአፈሩ ውስጥ ላይኖር ይችላል።

በእንግዳው ውስጥ ያለ እንግዳ

በአሜሪካ የሎውስቶን በሚባለው የፍል ውኃ አካባቢ በጋለ አፈር ላይ የሚበቅል አንድ ሣር አለ። በውስጡ ኩርቩላሪያ ፕሮቱበራታ የሚባል ፈንገስ ይኖራል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ የአፈር ሙቀት ይችላሉ፤ ሲለያዩ ግን አንዳቸውም ከ38 ዲግሪ በላይ አይበቅሉም። በ2007 እ.ኤ.አ. ነገሩ ከዚህም የጠለቀ መሆኑ ታወቀ፤ ፈንገሱ ራሱ በውስጡ ቫይረስ አለበት፤ ቫይረሱ ሲወገድለት ሣሩን ከሙቀት መጠበቅ አይችልም። ቫይረሱ ሲመለስ ችሎታውም ይመለሳል።

እንዴት ይጠናሉ

የተለመደው ዘዴ የተክሉን ቁራጭ በአልኮልና በበረኪና አጥቦ ላዩ ላይ ያሉትን ረቂቅ ፍጥረታት ከገደሉ በኋላ በምግብ ጄል ላይ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ የሚወጣው ከውስጥ የመጣ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ላዩ በትክክል መጽዳቱን ለማረጋገጥ የታጠበውን ቁራጭ ሌላ ጄል ላይ ነክቶ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ይህን ያልፈጸሙ ጥናቶች ውጤታቸው ያጠራጥራል። ብዙ ፈንገሶች፣ ዋግና ማይኮራይዛን ጨምሮ፣ ያለ ሕያው ተክል በጄል ላይ ብቻ ስለማይበቅሉ አሁን የተክሉ ዲ.ኤን.ኤ. በአንድነት ተነብቦ የፈንገሱ ክፍል በኮምፒውተር ይለያል። ለዚህ የሚያገለግለው አይቲኤስ የሚባለው የዘረ መል ክፍል ሲሆን በ2012 እ.ኤ.አ. ለፈንገሶች መለያ እንዲሆን ቀርቧል።

ለእርሻ ያላቸው ጥቅም

ነፍሳትን የሚገድለው ቦቬሪያ ባሲያና የተባለ ፈንገስ በተክል ውስጥም መኖር ይችላል። ታደለ ተፈራና ስቴፋን ቪዳል በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ፈንገሱ በማሽላ ውስጥ እንዲገባ በዘር፣ በቅጠልና በአፈር በኩል ሞክረው፣ የመቀመጡ መጠን በመንገዱና ተክሉ በበቀለበት አፈር ዓይነት እንደሚለያይ አሳይተዋል። በላቦራቶሪ የሠራ ፈንገስ ማሳ ላይ ላይሠራ የሚችልበት ምክንያት ከዚህ ይጀምራል፤ ያልተቀቀለ አፈር በሌሎች ረቂቅ ፍጥረታት የተሞላ ስለሆነ አዲሱ ቦታ ለማግኘት ይፎካከራል።

ከዘር ጋር የሚሸጡት የኒው ዚላንድ ፈንገሶችም የራሳቸው ችግር አለባቸው። ዘሩ በሞቃትና በእርጥብ ቦታ ከተቀመጠ ፈንገሱ ከዘሩ ቀድሞ ይሞታል፤ ዘሩ ይበቅላል፣ ቡቃያው ግን ተከላካይ አልባ ይሆናል። ስለዚህ ዘሩ በብርድና በደረቅ መጋዘን ይጠበቃል። በጎተራ የከረመ እንክርዳድም ሲዘራ ፈንገስ የሌለው ቡቃያ ሊሰጥ ይችላል። ለመብል ግን መክረሙ አያጠራውም፤ ፈንገሱ ቢሞትም ቀድሞ የሠራቸው አልካሎይዶች በፍሬው ውስጥ ይቀራሉ፣ ያረጀው ስንዴም እንደ አዲሱ ይለቀማል።